ኮከብ ያለው መታወቂያና የአባት ስም

አሜሪካ ለሚኖር ሐበሻ አውሮፕላን የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ለቅሶው ዳላስ ነው፣ ሠርጉ ሲያትል ነው፣ ክርስትናው ሚኒያፖሊስ ነው። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ዝግጅት ሰው የሚሰበስበው ከአራቱም ማዕዘን እያስበረረ ነው። ስለዚህ ሜይ 7 ቀን 2025 በሀገር ውስጥ በረራ ላይ “ሪል አይዲ” መጠየቅ ሲጀመር ወሬው ያልገባበት ቤት አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በመስጊድ ደጃፍ፣ በቲክቶክ፣ በእድር ስብሰባ ላይ “ኮከቡን አወጣችሁ ወይ?” የማይል አልነበረም። (እዚህ የሚጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሪል አይዲ የተለየ አዲስ ካርድ አይደለም። ያው መንጃ ፈቃድ ወይም የክፍለ ግዛት መታወቂያ ነው፤ ልዩነቱ ከላይ በቀኝ ጠርዙ ላይ ኮከብ ያለው መሆኑ ነው። ካሊፎርኒያ ኮከቡን በድብ ምስል ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ኮከብ የሌለው ካርድ ላይ ደግሞ ለፌዴራል አገልግሎት እንደማይሆን የሚገልጽ ጽሑፍ ይታተማል። ካርዱን የሚሰጠው ክፍለ ግዛቱ ነው፤ “እነዚህን ወረቀቶች ሳታይ አትስጥ” ብሎ መስፈርቱን ያወጣው ግን ፌዴራል መንግሥቱ ነው። መኪና ለመንዳት አያስፈልግም፤ ለመምረጥም አያስፈልግም። የሚፈለገው አውሮፕላን ለመሳፈር፣ አንዳንድ የፌዴራል ሕንፃዎች ለመግባትና ወደ ኑክሌር ማመንጫ ለመግባት ነው። ሦስተኛው ብዙ ሐበሻ የሚያሳስበው አይመስልም።

መነሻው የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ነው። ጥቃቱን የመረመረው ኮሚሽን በ2004 ባወጣው ሪፖርት ከጠላፊዎቹ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም የአሜሪካ መታወቂያ እንደነበራቸው፣ አንዳንዶቹም ያገኙት በማጭበርበር እንደሆነ ገለጸ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለማያውቁት ሰው ገንዘብ ከፍለው “እዚህ ነዋሪ ናቸው” የሚል ቅጽ አስፈርመው መታወቂያ የወሰዱ ነበሩ። ዛሬ መስኮቱ ላይ “አድራሻሽን የሚያሳዩ ሁለት ወረቀቶች” የሚለው ጥያቄ እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ሕጉን ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት ሜይ 11 ቀን 2005 ነው። ለብቻው ቀርቦም አልነበረም፤ ለጦር ሠራዊቱና ለሱናሚ ተጎጂዎች ገንዘብ ከሚመድብ ረቂቅ ጋር ተያይዞ ነው ያለፈው።

በ2008 ሥራ ላይ ይውላል ተባለ። በ2007 ሜይን “አልቀበልም” አለች፤ ሞንታናም ተከተለች። ቀኑ ተገፋ። እንደገና ተገፋ። ኦክቶበር 2020 ላይ ቆመ ሲባል ኮሮና መጣና ወደ 2021፣ ከዚያ ወደ 2023፣ ከዚያ ወደ 2025 ተዛወረ። ሃያ ዓመት። ያለዚህ ካርድ አውሮፕላን መሳፈር አደገኛ ነው የተባለበት ሕግ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጠበቅ፣ በየቀኑ ሰው ያለሱ ሲበርር ነው የኖረው። ይህን ማስታወስ ለኋላው ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መስኮቱ “ማን ነሽ?” ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው “ወረቀቶችሽ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ ወይ?” ብሎ ነው። አንድ የማንነት ሰነድ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ሁለት የአድራሻ ማስረጃ፣ በሕጋዊ መንገድ መኖርን የሚያሳይ ወረቀት። በእነዚህ ሁሉ ላይ ያለው ስም አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ፣ ከአንዱ ስም ወደ ሌላው እንዴት እንደተሻገረ የሚያሳይ የጋብቻ፣ የፍቺ ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ይፈለጋል።

ለኢትዮጵያዊ ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ነው። እንዲያውም በአንድ በኩል ዕድለኛ ነው። አሜሪካዊቷ ስታገባ የባሏን ስም ትወስዳለች፤ ትፋታና ሌላ ታገባለች፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ መስኮቱ ላይ ቆማ የሁለት ጋብቻና የአንድ ፍቺ ወረቀት ትፈልጋለች። ኢትዮጵያዊቷ ግን ሺህ ጊዜ ብታገባ ስሟ የራሷና የአባቷ ነው። ሕጉ ሲታሰብ እሷ በአንደኛ ደረጃ ማለፍ ነበረባት።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የኢትዮጵያዊ ስም ትውልድ ይቆጥራል እንጂ ቤተሰብ አይጠቀልልም። የራስ ስም አለ፣ የአባት አለ፣ የአያት አለ፤ “ላስት ኔም” የሚባል ነገር ግን የለም። የአሜሪካ ቅጽ ደግሞ ለእሱ ሳጥን አለው፤ ባዶ መተው አይቻልም። አንዱ የአባቱን ስም ያስገባበታል። ሌላው የአያቱን ያስገባና የአባቱ ስም “ሚድል ኔም” ሆኖ ቀስ በቀስ ወደ አንዲት ፊደል ያጥራል፤ ወላጅ አባት ነጥብ ያላት አንዲት ፊደል ሆኖ ይቀራል። ዲቪውን የሞላው የኢንተርኔት ቤት ልጅ በአንድ መንገድ ይጽፈዋል፣ ፓስፖርቱ በሌላ፣ አሜሪካ ደርሶ ሶሻል ሴኩሪቲ የተመዘገበበት ቢሮ በሦስተኛ። ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል የፀሐይ ዘመዶች ይናገሩ። መጀመሪያው ላይ አንድ ፊደል ይወድቃል፣ መጨረሻው ላይ አንድ ይጨመራል፤ በአማርኛ ያው አንድ ሰው ናት፣ በኮምፒውተር ግን ሦስት ሰው ትሆናለች።

በገብረ፣ በወልደ፣ በኃይለ የሚጀምር ስም ያለው ደግሞ ፈተናው እጥፍ ነው። ገብረ ሥላሴ አንድ ስም ነው፤ ሊከፈል አይችልም። ቅጹ ላይ ግን በመካከሉ ባለች ባዶ ቦታ ምክንያት ገብረ ወደ መካከለኛው ሳጥን፣ ሥላሴ ወደ መጨረሻው ሳጥን ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ባንኩ “ውድ ሚስተር ሥላሴ” እያለ ደብዳቤ ይልክለታል። ሰውዬው ይስቃል፣ ለጓደኞቹ ያስነብባል፤ ደብዳቤው ግን አንድ ቀን የአድራሻ ማስረጃ ሆኖ እንደሚፈለግ አያስብም።

የልደት ቀንም የራሱ ጣጣ አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው ብዙ ሰው ቀኑን የሚያውቀው “የሚካኤል ለት” ወይም “መኸር ሲገባ” እየተባለ ነው። ቀኑ ቢታወቅ እንኳ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዞር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ይጨመራል። ይህን የዘነጋ ተርጓሚ ሰውን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል ወይም ያድሰዋል። ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ዓመት ከታየ ደግሞ ዘመን አቆጣጠር ለማስረዳት መስኮቱ ላይ ጊዜ የለም።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምትኖር አንዲት ሴት የዚህን ሁሉ ዋጋ ከፍላለች። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል፤ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዳ በመንከባከብ ትተዳደራለች። የአባቷ ስም በወልደ የሚጀምር ነው። ግሪን ካርዷ ላይ አንድ ላይ ተጽፏል፤ ሶሻል ሴኩሪቲዋ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቃትም። ደመወዟ ይገባል፣ ግብሯን ትከፍላለች፣ መንጃ ፈቃዷን ታድሳለች።

በ2025 ጸደይ ዳላስ የሚኖር ታላቅ ወንድሟ ታመመ። ሐኪሞቹ ተስፋ እየቆረጡ ሲሄዱ መብረሯ እንደማይቀር ስላወቀች ኮከቡን ለማውጣት ተነሣች። መጀመሪያ ስትሄድ የአድራሻ ማስረጃ አላሟላሽም ተባለች። የቤቱ ኪራይ ውል በባሏ ስም ነው፤ መብራቱም በባሏ፤ ስልኩ በልጇ። በአሜሪካ ቤተሰብ ቢሆን የባልና ሚስት ላስት ኔም አንድ ስለሚሆን ነገሩ ቢያንስ በዓይን ይገናኛል። እዚህ ግን የባል ወረቀት ላይ ያለው ስም ከእሷ ጋር አንዲት ፊደል አይጋራም። ባለመስኮቷ “ሰውዬው ማን ነው?” ስትል “ባሌ” አለች። የጋብቻ ወረቀት ተጠየቀች። ሃያ ስድስት ዓመት የቆየው ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ነው፤ ወረቀቱ በአማርኛ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ካለም እናቷ ቤት ደብረ ብርሃን ነው።

ሁለተኛ ስትሄድ የባንክ መግለጫና የደመወዝ ወረቀት ይዛ ሄደች። ሁለቱም በስሟ ናቸው፤ ግን በተከፈለው ስም። “ግሪን ካርድሽ ላይ ያለው ሌላ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ሄደሽ አስተካክለሽ ነይ።” ለዚያም ቀጠሮ አለ፣ ከሥራ መቅረት አለ፤ እሷን የሚጠብቁት የዘጠና ዓመት አዛውንት ደግሞ ሌላ ሰው አይቀበሉም። አስተካከለች። ሦስተኛውን ቀጠሮ ስትጠብቅ፣ ሐሙስ ሌሊት ስልክ ተደወለ። ወንድሟ አረፈ።

የእህቷ ልጅ ቲኬት ሊቆርጥላት ተቀምጦ፣ “አክስቴ፣ ኮከብ የለሽም እኮ፤ ኤርፖርት ከደረስሽ በኋላ ቢመልሱሽስ?” አላት። ልጁ በክፋት አይደለም፤ የሰማውን ነው የተናገረው። ሁለት የማኅበሯ ሰዎች መኪና አስነሡ። ከሃያ ሰዓት በላይ ነድተው ዳላስ ሲደርሱ ቀብሩ አልቋል። ሰው ወደ ቤት ተመልሶ ንፍሮ እየተዘገነ ነበር።

በዚያ ሁሉ መንገድ ግሪን ካርዷ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በሀገር ውስጥ ለመብረር ኮከብ አያስፈልገውም። ቀኑ ያላለፈበት ፓስፖርት፣ የአሜሪካም ይሁን የኢትዮጵያ፣ ይበቃል። ግሪን ካርድ ይበቃል። የስደተኞች ጉዳይ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ካርድ ይበቃል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከአዋቂ ጋር ሲበርር ምንም አይጠየቅም። ቲኬቱ ላይ ያለው ስም በሚያሳዩት ካርድ ላይ እንዳለው ይሁን እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። በዚያ ወቅት ደግሞ እንኳን ግሪን ካርድ ያላት እሷ፣ ኮከብ የሌለው መንጃ ፈቃድ ብቻ የያዘውም ተጨማሪ ፍተሻ ተደርጎለት ይሳፈር ነበር።

ታዲያ ስትመላለስ ለምን አልነገሯትም? መልሱ የሚያናድድ ነው፤ ግን ማንንም ለመክሰስ አይመችም። እሷ መስኮቱ ላይ ያለችው “ሪል አይዲ እፈልጋለሁ” ነው። “ዳላስ መሄድ እፈልጋለሁ” አላለችም። ባለመስኮቷም ለተጠየቀችው መለሰች። ጎልቶ የተለፈፈው ኮከቡ ነው፤ ሌሎቹ ካርዶችም እንደሚያገለግሉ የሚናገረው ዝርዝር በእንግሊዝኛ፣ ከታች፣ ላነበበ ብቻ ነበር። በአማርኛ ይዞት የዞረው ደግሞ ግማሹን የሰማ ሰው ነው። የማኅበረሰቡ ሬዲዮና ቻናል ለአንድ የዘፋኝ ፍቺ የሰጠውን ጊዜ ሩቡን ለዚህ ዝርዝር ቢሰጥ ኖሮ ያቺ ሴት አፈር ሲለብስ ታይ ነበር።

የሚገርመው ደግሞ ዜግነት የሚወስደው ሰው ነገር ነው። ትናንት በግሪን ካርዱ ይበርር የነበረ ሰው ቃለ መሐላ ሲፈጽም ግሪን ካርዱን ይመልሳል። በምትኩ የሚሰጠው ያማረ የዜግነት ምስክር ወረቀት ኤርፖርት ከሚቀበሏቸው መታወቂያዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። ፓስፖርት ያመልክት ቢባል 165 ዶላር ይከፍላል፣ ዋናውን የምስክር ወረቀት አብሮ ይልካል፣ እስኪመለስለትም በእጁ ምንም የለውም። ያን ጊዜ ለቅሶ ቢመጣበት፣ ዜጋ ከመሆኑ በፊት የነበረው ይሻለው ነበር። የሚያዋጣው ሳይቸኩሉ አንዱን ካንዱ ማስቀደም ነው፦ ምስክር ወረቀቱ በእጅ እያለ ኮከቡን ማውጣት፣ ከዚያ ፓስፖርቱን ማመልከት። ስማቸው ተበላሽቶ የቆየባቸው ሰዎች ደግሞ ለዜግነት ሲያመለክቱ ቅጹ ላይ ስም የመቀየር ጥያቄ እንዳለ ልብ ይበሉ። የተሰነጠቀ ገብረ ሥላሴ በሕጋዊ መንገድ ተመልሶ የሚገጠመው ያኔ ነው።

ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ገንዘብ መጥቷል። ኮከብም ሆነ ሌላ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ ያልያዘ መንገደኛ 45 ዶላር ከፍሎ ማንነቱ በሌላ መንገድ እንዲጣራለት ይደረጋል። ክፍያው የሚያገለግለው 10 ቀን ነው። ለቅሶ ሄዶ ሥልስቱን ብቻ የሚቀመጥ ሰው በአንድ ክፍያ ይመለሳል፤ እስከ አርባው የሚቆይ ሲመለስ ሌላ 45 ይከፍላል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ለቅሶ አያውቅም ማለት ይቻላል።

የመንግሥት መከራከሪያ ማጣራቱ ወጪ አለው፣ ወጪውን መታወቂያ ያላወጣው ሰው ራሱ ይሸፈን እንጂ ግብር ከፋዩ ላይ አይውደቅ የሚል ነው። ክፍያውም እንዲያልፉ ዋስትና አይሰጥም። ንግግሩ በራሱ ትክክል ነው። ግን ሃያ ዓመት የተነገረው ይህ አልነበረም። የተነገረው ያለ ኮከብ የሚሳፈር ሰው አደጋ ነው የሚል ነበር። አደጋው በ45 ዶላር የሚጣራ ከሆነ፣ ኮከቡ የደኅንነት ምልክት መሆኑ ቀርቶ ወረቀቱ የተስማማለትን ካልተስማማለት የሚለይ ሆኗል። ወረቀቱ የማይስማማለትም ሀብታሙ አይደለም፤ ሀብታሙ ፓስፖርት አለው። የሚከፍለው በባሏ ስም ቤት የተከራየች ሴት፣ በልጁ ቤት የሚኖር አባት፣ ስሙ በባዶ ቦታ የተሰነጠቀ ሰው ነው።

አንድ ሌላ የተሳሳተ ወሬ አለ፤ ከዚህኛው የከፋ ነው። ኮከብ ያለው መንጃ ፈቃድ የዜግነት ማስረጃ ነው ብለው የሚያስቡ፣ በዚህ ዘመን እንደ ጋሻ በኪሳቸው ይዘውት የሚዞሩ ሰዎች አሉ። አይደለም። ሕጉ ራሱ ግሪን ካርድ ላለው፣ አሳይለም ጠይቆ ለሚጠባበቅ፣ ጊዜያዊ ከለላ ላለው ሁሉ ይሰጣል። ጊዜያዊ ለሆኑት የካርዱ ዕድሜ ከፈቃዳቸው ጋር ያበቃል፤ ፈቃዱ የተቆረጠ ቀን ከሌለው ደግሞ በየዓመቱ ይታደሳል። ለእነዚህ ሰዎች ኮከቡ ያለቀ ጉዳይ ሳይሆን በየዓመቱ የሚከፈት ጉዳይ ነው፤ በየዓመቱም ያው የስም ጥያቄ ይነሣል። ለመብረር ብቻ ከሆነ የሥራ ፈቃድ ካርዳቸው ይበቃቸው ነበር።

ሀገር ቤት ያለ አንባቢ “ይህ የእናንተ የስደተኞች ጣጣ ነው” ሊል ይችላል። ግን ፋይዳ ሊመዘገብ የሄደ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ልዩነቱ እዚያ ቢያንስ ጸሐፊው የአባት ስም ምን እንደሆነ ያውቃል። ስሙ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ግን እዚያም በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ የነገው ፓስፖርት፣ የነገው ቪዛ፣ ከዚያም የሩቁ መስኮት የሚያነበው ያንን ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ወጣት ባልና ሚስቶች አሁን ሆስፒታል ውስጥ በዚህ ይከራከራሉ። ሕፃኑ ተወልዷል፣ ነርሷ የልደት ቅጹን አምጥታለች፣ ላስት ኔም የሚለው ሳጥን ክፍት ነው። የአባቱን የራሱን ስም ቢጽፉ ወጉን ጠብቀዋል፤ ልጁ ግን ከአባቱም ከእናቱም የተለየ ላስት ኔም ይዞ ያድጋል፣ ትምህርት ቤት “የልጁ ወላጅ ነዎት?” መባል አለ። የአባቱን ላስት ኔም ቢጽፉ ወረቀቱ ይስማማል፤ ልጁ ግን በአያቱ ወይም ባላያቸው ቅድመ አያቱ ስም ይጠራል፣ የአባቱ ስም ደግሞ የትም የለም። አያት በስልክ ከአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ይደግፋሉ። አክስት ከሚኒያፖሊስ ሁለተኛውን፤ እሷ መስኮቱን ታውቀዋለች። የትኛውንም ቢመርጡ ከመፈረማቸው በፊት ፊደል በፊደል፣ ባዶ ቦታውን ጨምሮ ያንብቡት፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ በፖስታ ሲመጣም ጎን ለጎን አስቀምጠው ያስተያዩት። ልጁ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የሚቆመው ገና በ16 ዓመቱ ነው።